ባርነት የተከለከለባት ቅኝ ግዛት፦ የጆርጂያ የመጀመሪያ ዘመን

በ1728 ለንደን ውስጥ ሮበርት ካስቴል የሚባል የሥነ ሕንጻ ሰው በዕዳ ተይዞ ፍሊት ወደሚባለው እስር ቤት ገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ እስር ቤት ለሹሙ የገቢ ምንጭ ነበር። እስረኛው ለሚያድርበት ክፍልና ለሚበላው ምግብ ብቻ ሳይሆን እግር ብረቱ እንዲወልቅለትም ይከፍላል። ካስቴል የተጠየቀውን መክፈል ሲያቅተው ሹሙ ፈንጣጣ የገባበት ቤት ውስጥ እንዲታጎር አደረገው። ሰውዬው በሽታው ይዞት እንደማያውቅ እየተናገረ ቢለምንም የሰማው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በፈንጣጣ ሞተ።

የካስቴል ወዳጅ ጄምስ ኤድዋርድ ኦግልቶርፕ ይባላል። የባለርስት ቤተሰብ ልጅ፣ ቱርኮችን የተዋጋ ወታደርና ከ1722 ጀምሮ የፓርላማ አባል ነበር። የወዳጁ አሟሟት አንገበገበው። በ1729 ፓርላማው የእስር ቤቶችን ይዞታ የሚመረምር ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢው እሱ ሆነ። ምርመራው ያወጣው ጉድ ለንደንን አነጋገረ። ኦግልቶርፕና ጓደኞቹ ግን በዚያ አልረኩም። በዕዳ የማቀቀውንና ሥራ ያጣውን ደሃ አትላንቲክን አሻግሮ መሬት መስጠት ቢቻልስ ብለው ማውጠንጠን ጀመሩ። የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት የተጸነሰችው ከዚህ ሐሳብ ነው።

ርኅራኄና ስሌት

ሐሳቡ ቤተ መንግሥት ድረስ የዘለቀው በበጎ አድራጎቱ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ካሏት ቅኝ ግዛቶች እጅግ ደቡባዊዋ ሳውዝ ካሮላይና ነበረች። በሩዝ የከበረች፣ በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን ቁጥር ከነጮቹ የበለጠባት አገር ነበረች። ከእሷ በስተደቡብ እስፔን ከ1565 ጀምሮ የሳን አጉስቲንን ምሽግ ይዛ ፍሎሪዳን ትገዛ ነበር። በ1693 የእስፔን ንጉሥ ከእንግሊዞች አምልጦ ፍሎሪዳ የገባና የካቶሊክን እምነት የተቀበለ ባሪያ ሁሉ ነጻ ይሁን ብሎ አወጀ። ከዚያ ወዲህ የካሮላይና ባለርስቶች እንቅልፍ አጡ። በሁለቱ መካከል የታጠቁ ገበሬዎች የሰፈሩባት አንዲት የጠረፍ አገር ብትኖር ለካሮላይናም ለለንደንም ይበጃል ተባለ።

ንጉሥ ጆርጅ 2ኛ በሰኔ 1732 ቻርተሩን ፈቀዱ። አዲሲቱ ቅኝ ግዛት በስማቸው ጆርጂያ ተባለች። አስተዳደሯም ለ21 ዓመት ለ21 ባለአደራዎች ተሰጠ። ባለአደራዎቹ በጆርጂያ ምድር መሬት መያዝ፣ ሹመት መቀበልም ሆነ ደመወዝ መብላት አይችሉም። ማኅተማቸው ላይ የሐር ትል ሥዕልና ለራሳቸው ሳይሆን ለሌሎች የሚል የላቲን ቃል አስቀረጹ። ትሉ በአጋጣሚ የገባ አልነበረም፤ እንግሊዝ ከውጭ በብዙ ገንዘብ የምትገዛውን ሐር ጆርጂያ ታመርታለች የሚል ተስፋ ነበራቸው።

በዚያው ዘመን ኦግልቶርፕ ባርነትን በሁለት በኩል ነካክቶታል። በአንድ በኩል አፍሪካውያንን የሚሸጠው የሮያል አፍሪካን ኩባንያ ምክትል ገዢ ነበር። በሌላ በኩል ከሜሪላንድ የመጣ በዐረብኛ የተጻፈ ደብዳቤ እጁ ገባ። ጸሐፊው በዛሬዋ ሴኔጋል ከምትገኘው ከቡንዱ በባርነት የተወሰደ አዩባ ሱሌይማን ዲያሎ የሚባል የተማረ ሙስሊም ሲሆን፣ ደብዳቤውን የጻፈው ለአባቱ ነበር። ኦግልቶርፕ ጽሑፉን ኦክስፎርድ ልኮ አስተረጎመና ይዘቱን ሲያውቅ ሰውዬውን ለማስለቀቅ 45 ፓውንድ ለመክፈል ፈረመ። ዲያሎ በ1733 ለንደን ደረሰ፤ ቆይቶም ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከወንዙ ዳር ያለው ከፍታ

አን የምትባለው መርከብ 114 ያህል ሰዎችን አሳፍራ በኅዳር 1732 ከእንግሊዝ ተነሣች። ኦግልቶርፕም አብሮ ተሳፈረ። ከመንገደኞቹ መካከል ከእስር የወጣ ባለዕዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ባለአደራዎቹ የፈለጉት አናጺ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዳቦ ጋጋሪና ገበሬ ነበር። ጆርጂያ የእስረኞች አገር ናት የሚለው እስከ ዛሬ የሚነገር ወሬ ከሐሳቡ እንጂ ከመንገደኞቹ ዝርዝር የመጣ አይደለም።

መርከቧ በጥር 1733 ቻርልስተን ደረሰች። ኦግልቶርፕ ቀድሞ ሄዶ ቦታ መረጠ፤ ከባሕሩ 18 ማይል ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከሳቫና ወንዝ በላይ የተዘረጋ፣ ጥድ የሞላበት ከፍታ ነው። ቦታው ባዶ አልነበረም። ከክሪክ ሕዝብ ተለይተው የወጡ 200 ያህል ያማክሮዎች ይኖሩበታል። መሪያቸው ቶሞቺቺ ዕድሜያቸው ወደ 90 ተጠግቷል የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። አጠገባቸው ሜሪ መስግሮቭ የምትባል ሴት ከባሏ ጋር ሱቅ ከፍታ የአጋዘን ቆዳ ትነግድ ነበር። እናቷ ክሪክ፣ አባቷ እንግሊዛዊ ነጋዴ ስለነበር ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች። በሽማግሌውና በኦግልቶርፕ መካከል የተባለው ሁሉ ያለፈው በእሷ አንደበት ነው፤ ያለ እሷ በከፍታው ላይ የተቆረቆረችው የሳቫና ከተማ የመጀመሪያውን ክረምት ማለፏም ያጠራጥራል።

ሰፋሪዎቹ የካቲት 12 ቀን 1733 ከወንዙ ወደ ከፍታው ወጡ። ቶሞቺቺ ለኦግልቶርፕ በውስጥ በኩል የንስር ራስና ላባ የተሣለበት የጎሽ ቆዳ ሰጡት። ንስሩ ፍጥነት፣ ጎሹም ብርታት መሆኑን ገለጹለትና፣ እንግሊዞች እንደ ንስር ባሕር አቋርጠው እንደ ጎሽም በርትተው መጥተዋልና ላባው የሚለሰልሰውን ፍቅር፣ ቆዳው የሚሰጠውንም ሙቀት ለእኛ ለትንንሾቹ አትንፈጉን የሚል መልእክት አስተላለፉ። በግንቦት ወር ከክሪክ መሪዎች ጋር ውል ተፈረመ። በማግስቱ ዓመት ሽማግሌው ከሚስታቸው ከሴናውኪና ከወንድማቸው ልጅ ከቱናሆዊ ጋር ለንደን ሄደው ንጉሡን አነጋገሩ። በ1739 ሲያርፉ አስከሬናቸው ሳቫና ውስጥ አደባባይ ላይ በወታደራዊ ክብር ተቀበረ፤ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ኦግልቶርፕ ነበር።

ከተማዋ በገመድ ተለክታ ተቀየሰች። እያንዳንዱ ሰፈር መሐሉ ላይ አደባባይ አለው። በአደባባዩ ሰሜንና ደቡብ 40 የመኖሪያ ቦታዎች ይደረደራሉ፤ ምሥራቅና ምዕራቡ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመጋዘንና ለመሳሰሉት የጋራ ሥራዎች ይተዋል። ለአንድ አባወራ በጠቅላላው 50 ኤከር ይደርሰዋል፦ ቁመቱ 90፣ ወርዱ 60 ጫማ የሆነ የቤት ቦታ፣ ከከተማው ጥግ 5 ኤከር የጓሮ አትክልት ቦታ፣ ቀሪው ደግሞ ራቅ ብሎ የእርሻ መሬት። ባለመሬቱ መሸጥ አይችልም፤ የሚወርሰውም ወንድ ልጅ ብቻ ነው። በራሱ ገንዘብ የመጣ ሰው እንኳ ከ500 ኤከር በላይ አይሰጠውም። ያ ቅያስ ዛሬም ሳቫና መሐል ከተማ ላይ ይታያል፤ በጊዜ ሂደት ከተሠሩት 24 አደባባዮች 22ቱ አሉ።

የመጀመሪያው ክረምት ክፉ ነበር። ትኩሳትና ተቅማጥ ሰፋሪውን ፈጀው፤ ብቸኛው ሐኪም ገና በሚያዝያ ሞተ። በሐምሌ 42 አይሁዶችን የጫነች መርከብ ሳትጠበቅ ደረሰች። ለንደን ያሉት ባለአደራዎች አይሁድ እንዲሰፍሩ አልፈለጉም ነበር። ኦግልቶርፕ ግን ከመጡት መካከል ከፖርቱጋል የሃይማኖት ፍርድ ቤት ያመለጠው ሐኪም ሳሙኤል ኑኔዝ መኖሩን ሲያይ አስተናገዳቸው። ሐኪሙ በሽታውን ገታው። በመጋቢት 1734 በሃይማኖታቸው ምክንያት ከዛልስቡርግ የተባረሩ ጀርመንኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንቶች መጥተው ኤቤኔዘርን ቆረቆሩ። በ1736 መጀመሪያ የእስኮትላንድ ደጋ ሰዎች በደቡቡ ጠረፍ ዳሪየንን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ከሳቫና በስተደቡብ ባለች ደሴት ላይ የፍሬደሪካ ምሽግ ተሠራ።

ሦስቱ ሕጎች

በ1735 ለጆርጂያ ሦስት ሕጎች ጸደቁላት። አንደኛው ከአገሬው ሕዝብ ጋር የሚደረገውን ንግድ በፈቃድ እንዲሆን አደረገ። ሁለተኛው ረም የተባለውን ጠንካራ መጠጥ ከለከለ። ሦስተኛው ጥቁር ባሪያ ማስገባትና መያዝን አገደ።

የሦስተኛው ሕግ መግቢያ ስለ ሰው ልጅ መብት አይደለም የሚያወራው። ባሪያ ያለበት አገር ነጩ ሠራተኛ ሥራ ይንቃል ይላል፤ ጠረፉን የሚጠብቀው ጦርም ባሮቹን ሲጠብቅ ይውላል። እስፔን በቅርብ ርቀት ነጻነት እየሰጠች ባሪያ ማከማቸት ለጠላት ጦር መቀለብ ነው። ክልከላውም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀዳዳ ነበረበት። ሳቫና ስትቆረቆር ጥዱን ከሰነጠቁት መካከል ካሮላይና ያዋሰቻቸው ባሮች ነበሩበት፤ ኦግልቶርፕ ሰፋሪው በእነሱ ተመክቶ መስነፉን አይቶ ነው የመለሳቸው።

የካሮላይና ባለጸጋ ሩዙን ጭኖ ሲነግድ ከወንዙ ማዶ ሆኖ የሚያየው የጆርጂያ ሰፋሪ አሸዋማ 50 ኤከሩን በገዛ እጁ ይቆፍራል። ሐሩም እንደታሰበው አልሆነም። ጥቂቱ ለንግሥት ካሮላይን ልብስ ቢበቃም ገበሬውን የሚያኖር አልነበረም። በታኅሣሥ 1738 የሳቫና 121 ሰዎች ፈርመው አቤቱታ ላኩ። መሬቱን እንደፈለግን እንሽጥ፣ እንለውጥ፤ ባሪያም ይፈቀድልን አሉ። እነዚህ ሰዎች በታሪክ አኩራፊዎቹ በመባል ይታወቃሉ።

መልሱ ከጎረቤት ሰፈሮች መጣ። ጥር 3 ቀን 1739 ዳሪየን ላይ 18 እስኮትላንዳውያን የተቃውሞ ጽሑፍ ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ መሪያቸው ጆን ሞር ማኪንቶሽ ነበር። እስፔን ቅርብ ናት፣ ባሪያ ያመልጣል፣ መግዣውም ዕዳ ውስጥ ይከተናል አሉ። ይህ እስካሁን ከባለአደራዎቹ ስሌት የተለየ አይደለም። ቀጥለው ግን ባለአደራዎቹ ያላነሡትን አነሡ፤ የትኛውም የሰው ዘር ከነልጅ ልጁ ለዘላለም ባርነት መፈረዱ የሰውን ተፈጥሮ የሚያስደነግጥ ነው፣ አንድ ቀንም በደም ይመለስብናል ብለው ጻፉ። የኤቤኔዘር ሰዎችም በፓስተራቸው በዮሐን ማርቲን ቦልትዚየስ አማካይነት ያለ ባሪያ ማረስ እንደሚቻል እኛ ምስክር ነን አሉ። ባለአደራዎቹ ክልከላውን አጸኑ።

ጦርነቱ ሲያበቃ

በመስከረም 1739 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ በባርነት የተያዙ ሰዎች መሣሪያ አንሥተው ወደ ፍሎሪዳ መንገድ ጀመሩ። የባሪያ ከልካዩ ሕግ ማስጠንቀቂያ የተረጋገጠ መሰለ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝና በእስፔን መካከል ጦርነት ተነሣ። ኦግልቶርፕ በ1740 ጦር ይዞ ሳን አጉስቲንን ከበበ። ከከተማዋ ሁለት ማይል ያህል ርቆ ፎርት ሞሴ የሚባል፣ ከእንግሊዞች አምልጠው ነጻ የወጡ አፍሪካውያን የሚኖሩበት ምሽግ ነበር፤ የታጣቂዎቹ አዛዥ ምዕራብ አፍሪካ የተወለደው ፍራንሲስኮ ሜኔንዴዝ ነው። እንግሊዞች ምሽጉን ያዙና ከዳሪየን የመጡትን እስኮትላንዳውያን አሰፈሩበት። በሰኔ አንድ ሌሊት እስፔናውያንና የሜኔንዴዝ ሰዎች ተመልሰው ወረዱባቸው። ባርነትን ተቃውመው ከፈረሙት ሰዎች ወገን ብዙዎች ከባርነት ባመለጡ ሰዎች እጅ ወደቁ። ጆን ሞር ማኪንቶሽ ተማርኮ ወደ እስፔን ተላከ። ከበባውም ከሸፈ።

በ1742 ተራው የእስፔን ሆነ። የፍሎሪዳው ገዢ ማኑኤል ዴ ሞንቲያኖ በብዙ መርከብ ጦሩን ጭኖ ፍሬደሪካ ያለችበት ደሴት ላይ ወረደ። የኦግልቶርፕ ሰዎች ከወራሪው በቁጥር በጣም ያንሱ ነበር። በሐምሌ አንድ የእስፔን ክፍል በረግረግ ዳር ሲያልፍ ጫካ ውስጥ ያደፈጡ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው መለሱት። ቦታው ዛሬም ደም ያለበት ረግረግ በሚል ስም ይጠራል። ቀጥሎ ኦግልቶርፕ ከእሱ ከድቶ እስፔናውያን ዘንድ ለገባ አንድ ፈረንሳዊ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሰውዬውን የራሱ ሰላይ አስመስሎ፣ ረዳት መርከቦች እስኪደርሱ ጠላትን አቆይልኝ አለው። ደብዳቤው እንዳሰበው ሞንቲያኖ እጅ ገባ። ብዙም ሳይቆይ እስፔናውያን ተሳፍረው ሄዱ፤ ዳግመኛም ጆርጂያን አልወረሩም።

ድሉ ጠረፉን አስጠበቀ፤ ባሪያ ከልካዩን ሕግ ግን ያለ መከታ አስቀረው። እስፔን እስካስፈራች ድረስ ባሪያ ማስገባት ራስን ለጠላት ማጋለጥ ነበር። አሁን ያ መከራከሪያ ጠፋ። በዚያው በ1742 የአኩራፊዎቹ ወኪል ቶማስ ስቲቨንስ ጉዳዩን ለንደን ፓርላማ ድረስ ወሰደ። ባለአደራዎቹን አለአግባብ ከስሷል ተብሎ በፓርላማው ፊት ተንበርክኮ ተግሣጽ ተቀበለ። የሰውዬው አባት ዊልያም ስቲቨንስ ጆርጂያ ውስጥ የባለአደራዎቹ ጸሐፊ ነበር። ቶማስ ያኔ ቢሸነፍም የረሙ ክልከላ የተነሣው በዚያው ዓመት ነው።

ኦግልቶርፕ በ1743 ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ጆርጂያን አላያትም። እሱ ከሄደ ወዲህ ሕጉ ላላ። ከካሮላይና ባሪያ ለዕድሜ ልክ የሚከራዩ ሰዎች መጡ፤ ሙሉ ዋጋውን በኪራይ ስም አስቀድመው ይከፍላሉ። ዳኛው ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ታዋቂው ሰባኪ ጆርጅ ኋይትፊልድ ሳቫና አጠገብ ቤቴስዳ የሚባል የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ከፍቶ ነበር። ለእሱ ወጪ ይሆነኝ ብሎ ካሮላይና ውስጥ ባሮች የሚያርሱት እርሻ ገዛ፤ ጆርጂያም ባርነትን ትፍቀድ እያለ ይሟገት ጀመር። ቦልትዚየስ ለዓመታት ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ ዝም አለ። ባለአደራዎቹ በ1750 እጅ ሰጡ፤ ከጥር 1 ቀን 1751 ጀምሮ ባርነት በጆርጂያ ሕጋዊ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ቻርተሩን ራሱን ጊዜው ሳያልቅ ለንጉሡ መለሱ።

ከሩዝ ወደ ጥጥ

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። የካሮላይና ባለርስቶች ከነባሮቻቸው ወንዙን ተሻግረው በሳቫናና በአልታማሃ ወንዞች ዳር ያለውን ረግረግ ያዙ። በ1755 የካሮላይናን የሚመስል የባሪያ ሕግ ወጣ። በ1750 ከ500 የማይበልጡት በባርነት የተያዙ ሰዎች በ1775 ወደ 18,000 ተጠጉ። በ1760ዎቹ ሳቫና ወደብ በመርከበኛነት ይመላለስ የነበረው ኦላውዳ ኤኩያኖ እዚያው ከተማ ሞት አፋፍ እስኪደርስ ተደብድቧል፤ በ1789 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም ጽፎታል። የጆን ሞር ማኪንቶሽ ልጅ ላክላን ማኪንቶሽ በአልታማሃ ዳር ባሮች የሚያለሙት የሩዝ እርሻ ባለቤት ሆነ። አባቱ ከፈረመው ጽሑፍ እስከዚያ አንድ ትውልድ ብቻ ነው ያለፈው።

በ1776 ሦስት የጆርጂያ ሰዎች በአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ላይ ፈረሙ፤ ከእነሱ አንዱን በተን ግዊኔትን በማግስቱ ዓመት በጥንድ ፍልሚያ የገደለው ያው ላክላን ማኪንቶሽ ነው። እንግሊዞች ሳቫናን በታኅሣሥ 1778 መልሰው ያዙና እስከ 1782 ቆዩባት። ጥር 2 ቀን 1788 ጆርጂያ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በማጽደቅ አራተኛዋ ግዛት ሆነች። ከሳውዝ ካሮላይና ጋር ሆና በጠየቀችው መሠረትም ኮንግረሱ ከ1808 በፊት ባሪያ ከውጭ ማስገባትን እንዳይከለክል ሕገ መንግሥቱ አሰረው።

በ1793 ከሳቫና አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ ማሽኑን ሠራ። ፍሬውን ከጥጡ የመለየቱ አድካሚ ሥራ ሲቀልል የደጋው መሬት ሁሉ ለጥጥ ተፈለገ። መሬቱ ግን የክሪክና የቸሮኪ ነበር። ክሪኮች እስከ 1827 ድረስ በውል ስም ለቀው ወጡ። ቸሮኪዎች በሕግ ለመቆየት ሞከሩ። ሴኩዮያ በ1821 ያጠናቀቀው፣ እንደ ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀለም የሚወክልበት የራሳቸው ጽሕፈት ነበራቸው። በ1827 ሕገ መንግሥት አወጡ፤ በ1828 ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ወዲያው በምድራቸው ወርቅ ተገኘና ጆርጂያ መሬታቸውን በዕጣ ለነጮች አደለች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1832 የጆርጂያ ሕግ በቸሮኪ ምድር አይሠራም ብሎ ቢፈርድም ያስፈጸመው አልነበረም። በ1838 ወታደሮች ወደ ምዕራብ ነዷቸው፤ ከተባረሩት 16,000 ያህል ሰዎች 4,000 ገደማ እንዳለቁ ይገመታል።

በ1860 ቆጠራ ከጆርጂያ 1,057,286 ነዋሪዎች 462,198ቱ በባርነት የተያዙ ነበሩ። በመጋቢት 1861 ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው የጆርጂያ ሰው አሌክሳንደር ስቲቨንስ፣ አዲሱ መንግሥት የቆመበት የማዕዘን ድንጋይ የጥቁር ሕዝብ ባርነት መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። የተናገረው ሳቫና ውስጥ ነው።

ተገንጣዮቹን ይወጋ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ጦር ጄኔራል ሸርማን በታኅሣሥ 1864 ሳቫናን ሲይዝ በሺህ የሚቆጠሩ ነጻ የወጡ ሰዎች ጦሩን ተከትለውት ነበር። ጥር 12 ቀን 1865 ከተማዋ ያሉ 20 ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን ሰብስቦ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። በሁሉም ስም የመለሱት በ1857 የራሳቸውንና የሚስታቸውን ነጻነት በ1,000 ዶላር የገዙት የ67 ዓመቱ ቄስ ጋሪሰን ፍሬዘር ናቸው። መሬት ይሰጠን፣ በጉልበታችን አርሰን ራሳችንን እንችላለን አሉ። ሸርማን ከአራት ቀን በኋላ በባሕሩ ጠረፍ ያለው የባለርስቶች መሬት እስከ 40 ኤከር እየተሸነሸነ ለቤተሰቦች እንዲሰጥ አዘዘ። በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነቱ አበቃ፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን መሬቱን ለቀድሞ ባለቤቶቹ አስመለሰ።

ጆርጂያ ውስጥ ለደሃ ገበሬ መሬት ተሰጥቶ በገዛ ጉልበቱ ይደር የተባለው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው የእስፔንን ጦር ለማገድ፣ ሁለተኛው ጦር የተከተለውን ስደተኛ ለማስፈር ሲባል ታወጀ። የዳሪየን 18 ሰዎችም ሆኑ ቄስ ፍሬዘር ለሐሳቡ ከጦር ጉዳይ ያለፈ ምክንያት ሰጥተውታል፤ የወሰኑት ግን እነሱ አልነበሩም። የጦሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ የፊተኛው ሕግ በስምንት ዓመት ውስጥ ተሻረ፤ ሁለተኛው ትእዛዝ ዓመት እንኳ አልሞላውም።